የሦስት ልኬት አማካይ

አዋሳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ታቢታ፣

ሰላምታ ከጉዳይ ይቀድማል እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። ዛሬ ግን ደብዳቤሽን አንብቤ ብዙ ስለቆየሁ ሰላምታው ዘግይቶ ቢመጣ አትቀየሚኝ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔና ብርቅዬ ደህና ነን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቱላ ሄጄ እናትሽን አይቻቸዋለሁ። እንሰት እየፋቁ ነበር። ጉልበታቸውን ከማመሙ በቀር ደህና ናቸው። «ሥራ በዛብኝ ብላ ጸሎቷን እንዳትተው ይበሉልኝ» ብለውኛል፤ ይኸው ብያለሁ።

የጠየቅሽኝን በራሴ ቃል ልድገመውና በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ፈትሺ። የተሰበረ አጥንት በጠፍጣፋ ብረትና በብሎን ከመታሰሩ በፊት ሁለቱ ጫፎች ተገጣጥመው ሳይነቃነቁ መያዝ አለባቸው። ያላችሁ መቆንጠጫ ጥርሱ አልቋል። ስለዚህ ረዳትሽ በእጁ ይይዛል፣ እጁ ይዝላል፣ አጥንቱም ይለቃል። ባለፈው ወር ደግሞ ከጋራዥ ፒንሳ አምጥታችሁ፣ ቀቅላችሁ ተጠቀማችሁበት።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ፒንሳ! በሰው ልጅ ቅልጥም ላይ! ለብርቅዬ ጮክ ብዬ ላነብላት ጀምሬ እዚያ ስደርስ አቋረጥኩ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ የምትፈልጊው አንድ ጊዜ ከነከሰ በኋላ በብሎን ራሱን የሚቆልፍ፣ አጥንቱን የማይፈጭ፣ ሲቀቀልም የማይዝግ መቆንጠጫ ነው። ልሞክር። የንድፍ መምህር ጡረታ ቢወጣም እርሳሱ አይወጣም። ብረቱን ኑሪ ሊሠራልኝ ተስማምቷል፤ ፒያሳ ብስክሌትና የስፌት መኪና የሚጠግነው ማለቴ ነው። «አጥንት ነክሶ የማይለቅ ነገር እፈልጋለሁ» ብለው፣ «ለዚህማ ምን ብረት አስፈለገ መምህር፣ ውሻዬን ይውሰዱት» አለኝ። ስቆ ሲያበቃ ግን ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን፣ ከአሮጌ የወተት ማሽን የወጣ የማይዝግ ዘንግ ከዕቃዎቹ ሥር ጎትቶ አወጣ። «ክፉው ቀን ይኸው አይደል?» አለ።

በደብዳቤሽ አንድ ነገር አስደሰተኝ። ሦስት ቦታ ተሳስተሽ ሦስቱንም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሰርዘሽ ትክክሉን ከጎኑ ጽፈሻል። ላጲስም፣ ማጥቆርም የለም። ስህተት ይሰረዛል እንጂ አይደበቅም፤ ከመስመሩ ሥር ያለው መነበብ አለበት። ያንን ሁሉ የሕክምና ትምህርት ስትማሪ ይህቺን አለመርሳትሽ ገርሞኛል።

ጥያቄዎቼ እነሆ፤ በየተራቸው መልሺ።

አንደኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው የትኛው አጥንት ነው?

ሁለተኛ፣ ውፍረቱ ስንት ነው? በካሊብሮ ሦስት ጊዜ ለክተሽ ሦስቱንም ላኪልኝ። አንድ ልኬት ወሬ ነው።

ሦስተኛ፣ በቁስሉ ውስጥ ለመቆንጠጫው መንጋጋ ምን ያህል ቦታ አለ?

አራተኛ፣ በኃይሉ። ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ከግንቦት ወዲህ አንድ ቃል አልጻፈም። የሰሜኑ ቁስለኞች ብዙዎቹ በአንቺ ሆስፒታል እንደሚያልፉ ነግረሽኛል። ስሙን በዝርዝሩ ብታዪም ባታዪም በየደብዳቤሽ ጻፊልኝ። «የለም» ማለትም መልስ ነው። ባዶ ቦታ ግን መልስ አይደለም።

መምህርሽ ሸዋንግዛው


ሰሜን፣ ኅዳር 3 ቀን 1981 ዓ.ም.

የተከበሩ መምህሬ፣

ሰላምታዬ እርስዎንና እትዬ ብርቅዬን በጤና ያግኛችሁ። የቦታውን ስም እንዳንጽፍ ስለተነገረን «ሰሜን» የሚለው ይብቃዎት። ይህን የያዘችው ነርስ ለዕረፍት ወደ ደቡብ የምትወርድ ባልደረባዬ ናት፤ መልስዎንም ለእሷ ይስጧት።

እናቴን ስላዩልኝ ጌታ ይባርክዎት። ስለ ፒንሳው በመጻፌ አዝኛለሁ፤ ከጻፍኩ በኋላ ነው ለማን እንደምጽፍ ያሰብኩት።

በተራቸው፦

አንደኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅልጥም ነው።

ሁለተኛ፣ እንዳዘዙኝ ካሊብሮውን ሦስት ጊዜ አሳርፌ ለካሁ። 28፣ 23 እና 24 ሚሊ ሜትር ነው።

ሦስተኛ፣ በአንድ በኩል የሁለት ጣት ስፋት አለ፤ በሌላው በኩል ግን ከዚያ ያንሳል።

ስለ ሁለተኛው መልሴ የምጨምረው ነበረኝ። ቀዶ ጥገና ተጠርቼ ሄድኩ፤ ስመለስ ነርሷ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማለች፤ መኪናው እየጠበቃት ነው። በሚቀጥለው እጽፈዋለሁ።

አራተኛ፣ የለም። ዝርዝሩን በየማለዳው አያለሁ። የለም።

ተማሪዎ ታቢታ


አዋሳ፣ ኅዳር 28 ቀን 1981 ዓ.ም.

ታቢታ፣

«የለም» የምትለዋን ቃል ብርቅዬ ቆርጣ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠቻት። ደብዳቤሽን ስለ ቀደደችብኝ ተቆጣሁ፤ በኋላ ደግሞ መቆጣቴን ተውኩ። አንቺም እንደምን ከረምሽ?

መቆንጠጫው አልቋል፤ ነርሷ ይዛልሽ ትመጣለች። እንዴት እንደሠራሁት ልንገርሽ።

28፣ 23፣ 24፤ ድምሩ 75፣ አማካዩ 25። የለካሽው በሥራ መሐል ስለሆነ በእጅሽ መንቀጥቀጥ አልፈርድም። ሦስት ጊዜ የምንለካው ለዚሁ ነው፤ አማካዩ የእጅን ስህተት ያጠፋል። የመንጋጋውን ውስጥ በ25 ክብ አድርገን ቆረጥነው። ጥርሶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ እንዳይፈጩ ጫፋቸውን በሞረድ አለዝቤአለሁ። መያዣው ጫፍ ላይ ያለው ብሎን አንዴ ከጠበቀ የማንም እጅ አያስፈልገውም።

ለሙከራ ሞገስ ሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም ገዛሁ። ቀቀልኩት፣ ፋቅሁት፣ አራት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ከዚያም ዙሪያውን ሞርጄ ልክ 25 አደረግሁት። ለሁለት ሰብረን በመቆንጠጫው አያያዝነውና አርባ ኪሎ ድንጋይ ሰቀልንበት። ከጠዋት እስከ ማታ ተንጠልጥሎ አንዲት ነጥብ አልተንቀሳቀሰም። ኑሪ ደስ ብሎት መንገደኛውን ሁሉ እየጠራ አሳየ። «ይህን የሚያስለቅቀው መልአከ ሞት ብቻ ነው» አለ። አፍህን ያዝ አልኩት።

መያዣው ላይ «ሸ ፩» ተብሎ ተመትቶበታል። በቤታችን ያለ መሣሪያ ሁሉ፣ ከመዶሻው እስከ በኃይሉ የተማሪነት ኮምፓስ ድረስ፣ ይህች ሸ አለችበት፤ ጎረቤት ተውሶ የማን እንደነበር እንዳይረሳ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ከሠራን እንዳይምታታ።

ጥያቄዎቼ ቀላል ናቸው። አንደኛ፣ ያዘ ወይ? ሁለተኛ፣ ካልያዘ በስንተኛው ብሎን ላይ ለቀቀ? ሦስተኛ፣ ሲቀቀል ዛገ ወይ? አራተኛውን ታውቂዋለሽ።

ሸዋንግዛው


ሰሜን፣ ጥር 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

የተከበሩ መምህሬ፣

ይቅርታ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዓሉ እንዴት አለፈ? እኛ ዘንድ አላወቅነውም።

መቆንጠጫው በሰላም ደርሶኛል። እጅ ላይ ሲይዙት ደስ ይላል። ሲቀቀልም አልዛገም።

አልያዘም። ጠፍጣፋውን ብረት አስቀምጬ የመጀመሪያውን ብሎን እስካስገባ ችሎ ነበር። ሁለተኛውን ስጀምር መቆንጠጫው ዞሮ ለቀቀ፤ የታካሚው አጥንት ከቦታው ወጣ። መልሼ ለመግጠም ብዙ ደከምኩ። የቀረውን በቻልኩት መንገድ ሠራሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በፊተኛው ደብዳቤዬ መጨመር የነበረብኝን አልጨመርኩም። ቅልጥም ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ሦስቱ ቁጥሮች የእጅ መንቀጥቀጥ አልነበሩም፤ የሦስት የተለያየ አቅጣጫ ውፍረቶች ነበሩ። ሦስቱም ትክክል ነበሩ። ደግሞም በሰውነት ውስጥ ያለ አጥንት እርጥብና የሚያዳልጥ ነው፤ ፀሐይ ላይ እንደ ዋለ አይደለም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ለእርስዎ አልነገርኩም።

ሌላ መቆንጠጫ እንዲሠሩልኝ አልጠይቅም። ያደረጉት ከበቂ በላይ ነው። እባክዎ አሁን ይረፉ። እትዬ ብርቅዬን ይሳሙልኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ታቢታ


አዋሳ፣ ጥር 22 ቀን 1981 ዓ.ም.

ታቢታ፣

ገጽ አንድ፣ ከላይ ዘጠነኛው መስመር። «የታካሚው አጥንት ከቦታው ወጣ» ብለሻል። «የታካሚው» ከሚለው በፊት የሰረዝሽው ቃል አለ። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው የሰረዝሽው፤ እኔ እንዳስተማርኩሽ።

ከመስመሩ ሥር «የበኃይሉ» ይላል።

ወረቀቱን ወደ መስኮት ወሰድኩት። በማጉያ መስተዋትም አየሁት። ከዚያ በኋላ አራተኛውን ጥያቄ ፈለግሁ፤ የለም። «የለም» የሚለው ቃልም የለም።

ብርቅዬ አላነበበችውም። ደብዳቤ አልመጣም አልኳት። በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸኋት፤ እንዴት ቀላል እንደሆነ አስደነገጠኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አለ?

ሸዋንግዛው


ሰሜን፣ የካቲት 5 ቀን 1981 ዓ.ም.

መምህሬ፣

አለ። በኃይሉ በሕይወት አለ። ከዚህ በታች የሚመጣውን ከማንበብዎ በፊት ይህን መስመር እንደገና ያንብቡት፤ ለእትዬ ብርቅዬም ያንብቡላቸው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስጽፍ መሳሳቴን አስታውሳለሁ። ሰርዤ እንዳለፍኩም አስታውሳለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያጠቁረው፣ ወይም ወረቀቱን ቀዶ እንደገና ይጽፈው ነበር። እኔ ግን መስመሯን አሰመርኩና ምንም ሳይመስለኝ ቀጠልኩ። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ እጄ ሌላ አያውቅም።

አሁን አልደብቅም። ታኅሣሥ 18 ቀን ማለዳ ስሙን በዝርዝሩ አየሁት። ግራ ቅልጥሙን ጥይት መትቶታል። አልጋው አጠገብ ቆሜ «የአዋሳው የመምህር ሸዋንግዛው ልጅ ነህ?» ስለው፣ «እዚህም ድረስ ሊያርመኝ ሰው ላከ?» አለኝ። ያን ዕለት ስቄአለሁ።

በማግስቱ ወደ ቀዶ ጥገና ወሰድኩት። ያደነዘዝነው ከወገብ በታች ብቻ ስለሆነ ነቅቶ ያያል፣ ይናገራል። ሁለት መቆንጠጫ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጥርሱ ያለቀው አሮጌውና የእርስዎ። የእርስዎን ሳነሳ መያዣውን አየና፣ «ዶክተር፣ ያ ሸ የአባዬ ነው። የቤታችንን መዶሻ ሰረቃችሁ እንዴ?» አለ። ምን እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ «በሱ ያዢልኝ። አባዬ የለካው አይስትም» አለኝ።

እኔም አመንኩ፤ ይህ ነው ጥፋቴ። በማንም ላይ ያልተሞከረ መሣሪያ ነው። ቅልጥም ክብ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ መንጋጋው ክብ መሆኑን በዓይኔ እያየሁ፣ አባት ለልጁ ሳያውቅ የሠራው እንዴት ይስታል ብዬ አነሳሁት። ሐኪም እንዲህ አያስብም።

ሲለቅ ስለታሙ የአጥንት ጫፍ የደም ሥሩን ቆረጠው። ደሙን አቆምኩ፤ እግሩን ግን ማትረፍ አልቻልኩም። በዘጠነኛው ቀን ከጉልበቱ በታች ቆረጥነው።

ጥይቱ ግማሹን ጉዳት አስቀድሞ አድርሶ ነበር። አሮጌውን መቆንጠጫ ብጠቀም ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አላውቅም። ለዚህ ጥያቄ ቁጥር የለኝም።

እንዳልነግርዎ ያስማለኝ እሱ ነው። «እግሬ መቆረጡን እኔው እነግረዋለሁ። መቆንጠጫው በእኔ ላይ መልቀቁን ግን እንዳትነግሪው፤ አባዬ ሰው ሲሞት አይቶ ይችላል፤ ቁጥር ሲሳሳት አይችልም» አለኝ። ከግንቦት ወዲህ ለምን አልጻፍክም ብለው፣ ጓደኞቹ ላይ ያየውን ለእናቱ ላለመጻፍ ሲል ምንም መጻፍ እንዳቃተው ነገረኝ። አሁን ቁስሉ ደርቋል። ወደ ቤቱ እንዲሰናበት ቦርድ እየጠበቀ ነው።

ይህን በሚያነቡበት ሰዓት አጠገብዎ ሰው ይኑር።

ታቢታ


አዋሳ፣ የካቲት 24 ቀን 1981 ዓ.ም.

ታቢታ፣

አጠገቤ ሰው አልነበረም። ደብዳቤሽን ፒያሳ፣ ኑሪ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው የከፈትኩት። ስጨርስ ኑሪ የሚሠራውን ብስክሌት ጥሎ ወንበር አመጣልኝ። ምን እንደሆነ ነገርኩት። በሠራው ሥራ ሲኮራ የነበረ ሰው ነው፤ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠና ሁለት እጆቹን ገልብጦ ያያቸው ጀመር። «እኔ እኮ ነኝ የቆረጥኩት» አለ። «እኔ ነኝ 25 በል ያልኩህ» አልኩት።

ቤት ሄጄ ለብርቅዬ አነበብኩላት። መጀመሪያ ያልሺኝን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። ስለ እግሩ ስደርስ ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«አንድ እግር ነው?» አለችኝ።

«አንድ።»

«ዓይኑስ? እጁስ?»

«ደህና ነው።»

«ደብዳቤው መቼ መጣ?»

«ይኼኛው ዛሬ ነው። የፊተኛው ግን ሦስት ሳምንት አልፎታል» አልኳት። ያን ጊዜ ተነሳች። እንዲያ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። «አንተ ሰው! ስሙን ካየህ ሦስት ሳምንት ሆኖህ፣ እኔ ‹የለም› የምትል ቁራጭ ወረቀት ይዤ ስጸልይ ታየኝ ነበር? ብረትህ ሳተ፣ ይሁን፣ ብረት ነው። አንተስ?»

አንቺ የደበቅሽኝን እኔም ከእሷ ደብቄአለሁ። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቀሽኝ እንደሆነ፣ ይቅርታ የመንፈግ መብት የለኝም። ደግሞም አንቺ ደብቀሽ እንኳ በሚነበብ መስመር ነው የደበቅሽው። እኔ አጥቁሬዋለሁ።

አሁን ስለ ስህተቱ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። 28 እውነት ነው። 23 እውነት ነው። 24ም እውነት ነው። 25 ግን የማንም አጥንት ልክ አይደለም። ሦስት እውነት ሰጥተሽኝ አንድ ውሸት አወጣሁበት፤ በዚያ ላይ የበሬውን አጥንት ሞርጄ ከውሸቱ ጋር አስማማሁት። ልኬ አጥንቱን መምሰል ሲገባው አጥንቱን ልኬን አስመሰልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ሺህ ልጆች «አማካዩ ስህተትን ያጠፋል» የሚለውን በደብተራቸው ጽፈዋል። የት የት እንዳሉ አላውቅም። ድልድይ የሚሠሩም ይኖራሉ። ይህን ሳስብ እቀመጣለሁ፤ ተቀምጬም ከሆነ እነሳለሁ።

ሌላ እንዳልሠራ ጽፈሽልኝ ነበር። በዚህ ላይ የወሰነችው ብርቅዬ ናት። በአራተኛው ቀን እርሳሴንና ወረቀቴን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «የሌላ ሰው ልጅ እኮ አሁንም እዚያ ተኝቶ በፒንሳ እየተያዘ ነው» አለችኝ። እና ሠራን።

ቁጥር ሁለት ክብ መንጋጋ የለውም። ሦስት ጣት አለው። ሁለቱ ከአንድ ወገን ያርፋሉ፤ ሦስተኛው ከወዲያ ማዶ ይመጣል፤ ጫፉም በትንሽ ዘንግ ላይ እየዞረ የአጥንቱን ፊት ራሱ ይፈልጋል። እኔ የአጥንቱን ቅርጽ አልወሰንኩለትም። አጥንቱ ይወስን። ጥርሶቹ ጥቂትና ዘለግ ያሉ ናቸው፤ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ፤ በተጎተቱ ቁጥር ይበልጥ ይይዛሉ።

ሞገስ ዘንድ ሄጄ በዕለቱ የታረደ፣ ሽፋኑ ያልተገፈፈ የበግ፣ የጥጃና የበሬ ቅልጥም ወሰድኩ። ሳልፍቅ፣ ሳላደርቅ፣ በሳሙና ውኃ ነክሬ፣ እያዳለጠ ሞከርነው። ሞገስ «መምህር፣ ሥጋውን ትተው አጥንቱን የሚያጥቡት ምን ነክቶዎት ነው?» ብሎኝ ነበር፤ ኑሪ ነገረውና ከዚያ ወዲህ ዋጋ አይቀበለኝም። አሥራ አንድ አጥንት ሞከርን። ዘጠኙን ያዘ። ሁለቱ ላይ ለቀቀ፤ ብሎኑን አስረዝመን ደገምነው፤ ያዘ። የለቀቀበትንም የያዘበትንም ጽፌ በሌላ ወረቀት ልኬልሻለሁ።

በሰው ላይ ከማሳረፍሽ በፊት እዚያው ካለ ሥጋ ቤት አጥንት አስመጥተሽ በራስሽ እጅ ሞክሪው። እኔ ያዘ ስላልኩሽ አትመኚ። ማንም የለካውን አትመኚ።

አንድ ልመና አለኝ። ቁጥር አንድን መልሺልኝ። አትጣዪው፣ አታቅልጪው።

ለበኃይሉ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስቱም በስርዝ ተሞላ። «እናትህ ትጠብቅሃለች» በይልኝ። ከዚያ «አባትህም» በይልኝ።

ሸዋንግዛው


ሰሜን፣ መጋቢት 30 ቀን 1981 ዓ.ም.

መምህሬ፣

ያዘ።

በፍየል አጥንት ስምንት ጊዜ ሞከርኩት። ከዚያ መጋቢት 12 ቀን አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ላይ አሳረፍኩት። አራት ብሎን አስገብቼ እስክጨርስ አልተነቃነቀም። ረዳቴ ሁለት እጁ ባዶ ሲሆንበት ምን እንደሚሠራባቸው ግራ ገብቶት ደረቱ ላይ አጣመራቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተጠቀምኩበት መጻፍ አይፈቀድልኝም። ልጁ ግን ትናንት በሁለት እግሩ ቆሟል፤ ይህን መጻፍ የከለከለ የለም።

አንድ ችግር አለ። የሚዞረው ጫፍ ሲቀቀል ደም ይቀርበታል፤ ተፈትቶ የሚታጠብ ቢሆን ይሻላል። ይህን የጻፍኩት ከመጠን በላይ እንዳላወደስኩት እንዲያዩ ነው።

በኃይሉ ተሰናብቷል። ይህ ደብዳቤ ከእሱ ቀድሞ ይደርስ እንደሆነ እንጃ። «እናትህ ትጠብቅሃለች፤ አባትህም» ብዬ ነግሬዋለሁ። ሁለተኛውን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቁጥር አንድን መመለስ አልችልም። ጓዙን ሲያስር «ያቺን ስጪኝ» አለኝ። እምቢ አልኩ። «የአባቴ ስም ያለበት ዕቃ ነው፤ ሰው ቤት አይቀርም» ብሎ ወሰዳት።

ታቢታ


አዋሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1981 ዓ.ም.

ታቢታ፣

ልጅሽ ቆመ መባሉን ለኑሪ አነበብኩለት። ልጅሽ የምለው አንቺ ስላቆምሽው ነው። ኑሪ ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ አማርኛ ማንበብ ብዙም ሳይሆንለት፣ «ያዘ» የምትለዋን ቃል በጣቱ ፈልጎ አገኛት። የሚፈታውን ጫፍ ዛሬ ጀምሯል። ከዘንጉ ለስድስት መቆንጠጫ የሚሆን ብረት ቀርቷል፤ ስድስቱንም እንልካለን።

በኃይሉ ማክሰኞ መጣ። መኪና መናኸሪያ ከጠዋት ጀምረን ቆመናል። በዘጠኝ ሰዓት አውቶቡሱ ገባ። ብርቅዬ ገና ሳይቆም ሮጠች። እኔ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። ሲወርድ አየሁት። ሁለት ወር ሙሉ በልቤ ስቆርጠው የነበረው እግር እውነትም የለም። ማወቅና ማየት አንድ እንዳልሆኑ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳለ ከትከሻዋ በላይ አየኝ። «አባዬ፣ ቀረብ በል፤ አልነክስህም፤ የምትነክሰዋ ቦርሳዬ ውስጥ ናት» አለኝ። በመናኸሪያው ፊት እንዴት እንዳለቀስኩ ብርቅዬ ለሰው ሁሉ ስለምትነግር እኔ አልጽፈውም።

ክራንቹ ያጥረዋል። ወደ አንድ ጎን አጎንብሶ ነው የሚሄደው። «ምንድን ነው ይኼ?» ስለው «ለሁሉም የሚታደለው ይኸው ነው፤ አንድ ልክ ነው» አለኝ። የመካከለኛ ሰው ቁመት ወስደው ሠርተውታል። እሱን የሚያህል መካከለኛ ሰው የት እንዳለ አላውቅም።

ቤት እንደ ገባን ሜትሬን አወጣሁ። ከብብቱ እስከ መሬት ለካሁ፤ 138። ደገምኩ፤ 136። ሦስተኛ ልለካ ስል እጄን ያዘኝ። «አባዬ፣ ስቆም አንድ ነው፤ ስሄድ ሌላ ነው፤ ሲደክመኝ ደግሞ ሌላ ነው» አለኝ። እኔም እርሳሱን አስቀምጬ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ «የትኛው ይመችሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። አሰበና «የምሄድበት» አለኝ። በዚያ ሠራነው።

ረቡዕ መቆንጠጫዋን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። አነሳኋት። «ሸ ፩» በሚለው ላይ በመርፌ የተጫረ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ከሥሩ ያለው ይነበባል። እንደሱ ያስተማርኩት ልጅ ሳለ ነው፤ የቤት ሥራውን በላጲስ ፍቆ ወረቀቱን ስለ ቀደደ በአለንጋ ገርፌው ጭምር። ከመስመሩ ጎን ባዶ ቦታ ትቷል።

«ትክክሉንስ?» አልኩት።

«ትክክሉን የሚጽፈው የተሳሳተው ነው» አለኝ። «ያልከው አንተ ነህ።»

ሦስት ቀን ዕቃዋን እያየሁ ዋልኩ። በመጨረሻ ፒያሳ ወስጄ ኑሪን ብረት መጫሪያውን አውሰኝ አልኩት። «እኔ ልጻፍልዎ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል» አለ። «ይንቀጥቀጥ» አልኩት። ከመስመሩ ጎን 28፣ 23፣ 24 ብዬ ጻፍኩ። ሳልደምር፣ ሳላካፍል። ሁለቱ ቁጥሮች ተጣመዋል፤ አላረምኳቸውም።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አራት ጥያቄ ጠይቄሽ ነበር። ሦስቱን በሚገባ መልሰሻል። አራተኛውን እኔው ልመልስልሽ፤ ደብተሩ ሙሉ ይሁን።

አራተኛ፣ በኃይሉ አለ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ እናቱ የቆረጠቻትን «የለም» የምትል ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሷ አውጥቶ፣ ከኋላዋ በአንቺ እጅ የተጻፈውንና ስትቆረጥ ግማሹ የቀረውን መስመር ለማንበብ ይታገላል።

ሸዋንግዛው